ማን ፈቀደልሽ?

ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ የድሮ ተማሪ ሲደውልልኝ አንድም የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ ነው፣ አንድም ሰርግ ሊጠራኝ ነው። ባለፈው ሰሞን የደወለችልኝ ግን ከሁለቱም አልነበረችም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ ሌላ ቀጠሮ እንዳይዙ፤ ጓደኛዬ የሠራችውን ነገር እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሄድኩ። መቶ ሰው የማይዝ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ መጋረጃው ከአንድ ወገን የተንጠለጠለ።

ሦስት ሴቶች ወጡ። ከበሮ የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ «እሰይ!» እያለ የሚያሟሙቅ አጃቢ የለም። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ የለበሱት ጥለት ያለው የሀገር ልብስ ሳይሆን እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ የሚለብሱት ዓይነት የቤት ቀሚስ ነው፤ ወገባቸውን በነጠላ አስረዋል። መጀመሪያ የሰማነው ትንፋሻቸውን ነው። ቀጥሎ አንደኛዋ ትከሻዋን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰበቀችና ቆመች። የምናውቀው እስክስታ ነው፤ ግን አንዱ ምት ከሌላው እስኪለይ ድረስ ዘግይቷል። ሁለተኛዋ እንደ ሐረርጌ ሸጎዬ አንገቷን ማወዛወዝ ጀመረች፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚመልስላት ጎረምሳ የለም። ሦስተኛዋ እንደ ለቅሶ ቤት ሴት ደረቷን መታች። ሃያ ደቂቃ ያህል በእነዚሁ በሦስቱ ብቻ ተመላለሱ፤ አንዷ የሌላዋን እየወሰደች፣ እየመለሰች። መጨረሻ ላይ የቱ ደስታ፣ የቱ ሐዘን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በሰፈራችን ለሰርግም ለለቅሶም የሚተከለው ያው አንዱ የእድር ድንኳን ነበር፤ ከሥር የሚንቀሳቀሰውም ያው የእናቶቻችን ትከሻ። ይሄን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

ውይይት ሲከፈት አጠገቤ የተቀመጡ፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ከረባት ያሰሩ ሰው ተነሡ። «ልጄ፣ በመጀመሪያ ድካምሽን አደንቃለሁ» ብለው ጀመሩ። (በሀገራችን ስብሰባ ላይ ድካማችሁ ከተደነቀ ወገባችሁን ጠበቅ አድርጉ፤ ዱላው እየመጣ ነው።) «ግን እስክስታ የሕዝብ ሀብት ነው። ሸጎዬም የሕዝብ ሀብት ነው። እንደዚህ ደባልቀሽ እንድታበላሺው ማን ፈቀደልሽ?»

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። ልጅቷ መልስ ሰጥታለች፤ በጭብጨባው መሐል የሰማት ግን ጥቂት ሰው ነው። መልሷን በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ይዤ የቀረሁት ጥያቄውን ነው። ቤቴ ስገባም፣ ስተኛም፣ ስነሣም «ማን ፈቀደልሽ?» ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። እስቲ ለመሆኑ በዚች ሀገር ጭፈራ ለመለወጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ለማንስ ሲሰጥ ኖረ?

እኔ ያደግኩት በደርግ ዘመን ነው። ቀበሌያችን ኪነት ነበረው። የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ፣ ጋምቤላን በካርታ እንኳ ያላየ ጎረምሳ ገላውን ቀለም ተቀብቶ የጋምቤላን ይጨፍራል፤ ጉራጌ ሀገር ያልረገጠች ልጅ በጉራጌው ጭፈራ እግሯን ታነሣለች። በገጠር ክብ ተሠርቶ፣ ጨፋሪና ተመልካች ሳይለይ፣ የደከመው እየወጣ የበረታው እየገባ የሚጨፈረው ነገር ቀበሌ አዳራሽ ሲገባ ሰልፍ ሆነ። ወንዶች ከኋላ፣ ሴቶች ከፊት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ሊቀመንበሩ ወንበር አዙሮ። በፍቅር ግጥሙ ቦታ የአብዮት መፈክር ገባ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ጓድ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ዓለምን ሊያመሰግን ሲዞር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው የየአካባቢው ጭፈራ በደቂቃ ተቆርጦ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተሰፍቶ ለመድረክ በቃ። ይሄን የምለው ለማጣጣል አይደለም። በቴሌቪዥን እያየሁ በኩራት ዕንባዬ መጥቷል፤ ዛሬም ባገኘው አያለሁ። የምለው ሌላ ነው። ያኔ የተለወጠውን ያህል ዛሬ ሦስት ሴቶች ባዶ እግራቸውን አልለወጡም። ያኔ ግን ተነሥቶ «ማን ፈቀደልህ?» ያለ ሰው አላውቅም።

ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለም እንሂድ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት በመድረክ ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ከዚህ የበለጠ ባህልን መገልበጥ ከየት ይመጣል? ተፈቀደላቸው። እንዲያውም ተጨበጨበላቸው።

አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። አንዲት ልጅ በአንድ ምሽት ከጎጃም ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ትግራይ፣ ከዚያ ወደ ሐረር ትሄዳለች። መንገዱ መጋረጃ ጀርባ ያለ ጠባብ ልብስ መቀየሪያ ነው። እንግዳው ክትፎውን ሳይጨርስ ኢትዮጵያን ዞሮ ይመለሳል። እስክስታው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም የዘገየ ትከሻ ቢራ አያስጠጣም። የወላይታው ወገብ ከወላይታ ይልቅ ወደ ቪዲዮ ክሊፕ ያደላል። ልጅቷ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ አንገቷ ታሞ፣ በማግሥቱም ያንኑ ትደግማለች። በመጨረሻ ሞቅ ያለው ደንበኛ ይነሣና ላብ ባሰመጠው ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል። ልብ በሉ፣ ይህም ጭፈራን እንደገና መተርጎም ነው፤ ያውም በየምሽቱ፣ በየሰፈሩ። ግን የተረጎመው ባለቤቱና ገበያው ስለሆነ ባህል ተባለ። ያቺው ልጅ በእረፍት ቀኗ፣ በራሷ ሐሳብ፣ ትከሻዋን ያሻትን ያህል ብታዘገየው ግን ባህል አበላሸች ትባላለች። ከዚያ ምግብ ቤት የሚወጡና እዚያ አዳራሽ የሚቆጡ ሰዎች አንዳንዴ ያው አንድ ሰው ናቸው።

አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ምሳሌ እንደ ቀልድ ይጠቀሳል። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አይደለም፤ የአሠራር መመሪያ ነው። ሴቷ ታውቃለች፣ ትከሻውም የሷ ነው፣ ሙሾውም የሷ ነው፣ የሰርግ ዘፈኑም ግማሽ በግማሽ የሷ ነው። ውሳኔው ግን በወንድ ያልቃል። በነሐሴ ልጃገረዶች የሚወጡበትን በዓል ተመልከቱት። ትግራይ አሸንዳ፣ ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል ይለዋል። ከጥንት ጀምሮ ማን እንደሚመራ፣ ምን እንደሚዘፈን፣ በየትኛው ቤት ደጅ እንደሚቆም ልጃገረዶቹ ራሳቸው ሲወስኑ የኖሩበት ነው። ዛሬ በከተማው አደባባይ ልጆቹ በፀሐይ ቆመው የሚጠብቁት መጀመሪያ ንግግር ተደርጎ እስኪያልቅ ነው። ተናጋሪው በአብዛኛው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

እንግዲህ እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «ይሄ ሰውዬ ሴት የሠራችው ሁሉ ልክ ነው ሊለን ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የሕንዱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔንም ልቤን ከሁለት የከፈለው እሱ ነው።

በደቡብ ሕንድ ሳዲር የሚባል ጭፈራ ነበር። ባለቤቶቹ ዴቫዳሲ የሚባሉ፣ በልጅነታቸው ለቤተ መቅደስ የሚሰጡ ሴቶች ነበሩ። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአስተማሪ ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን እነዚህ ሴቶች «ጋለሞታ» ተብለው ስማቸው ጠፋ፤ ጨዋ የተባለ ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ጭፈራ አያስጠጋም። ሩክሚኒ ዴቪ የተባለች የብራህሚን ልጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ጭፈራውን አይታ ልቧ ተሰረቀ፤ ከዚያው ከባለሙያዎቹ ወገን ከሆኑ አዛውንት አስተማሪ ተማረች፤ በ1935 መጨረሻም ማድራስ ላይ በሕዝብ ፊት ወጥታ ጨፈረች። ጉድ ተባለ። ማን ፈቀደልሽ ተባለ። እሷ ግን በማግሥቱ ዓመት ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተች፤ ልብሱን ለወጠች፣ መድረኩን ለወጠች፣ የሥጋ ፍቅር የበዛበትን ግጥምና ምልክት ቀነሰች። ዛሬ ባራታናትያም የሚባለው፣ ሕንድ በዓለም ፊት የምትኮራበት ጭፈራ፣ መልኩን ያገኘው በብዙው ከሷ እጅ ነው። እስከዚህ ድረስ አጨበጭባለሁ።

የዴቫዳሲዎቹስ ነገር? እ.ኤ.አ. በ1947 ማድራስ ልጃገረድን ለቤተ መቅደስ መስጠትን በሕግ ከለከለች፤ የቤተ መቅደሱ ጭፈራም አብሮ ተከለከለ። ልጅን ያለ ፈቃዷ ከመስጠት ማዳኑ ደግ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ጭፈራው በትልልቅ አዳራሾች ሲነግሥ፣ ይዘውት የኖሩት ሴቶች ስማቸውም እንጀራቸውም ውጭ ቀረ። ከዚያ ወገን ተወልዳ እስከ መጨረሻው መድረኩን ያለቀቀችው ታላቋ ባላሳራስዋቲ (እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1984 የኖረች) በአደባባይ ተከራክራለች፦ ፍቅሩ የጭፈራው ነፍስ ነው፤ እንደ ቆሻሻ የሚታጠብ አይደለም ብላ። እንግዲህ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። ሩክሚኒ ዴቪ ስለ ለወጠች አልከስሳትም፤ የመለወጥ መብቷን እስከ ጥርሴ እከራከርላታለሁ። ያንገበገበኝ ሌላው ነው፦ ጭፈራው ከነውሩ ሲጸዳ፣ ነውር ተብለው የተጸዱት ሰዎቹ ጭምር መሆናቸው።

ከዚህ ጎን ካትሪን ደንሃምን አስቀምጧት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1935 የካሪቢያን ደሴቶችን ልታጠና ሄደች። ጃማይካ፣ ማርቲኒክ፣ ትሪኒዳድ፣ ሄይቲ። ከማርቲኒክ ያመጣችውን የትግል ጭፈራ በ1938 ቺካጎ ላይ ባሌት አደረገችው። እሷም ለወጠች፤ እንዲያውም በጣም ለወጠች። ነገር ግን ሄይቲን ከመድረኳ ከወሰደች በኋላ አልረሳቻትም። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ የሄይቲን ስደተኞች ከባሕር እየመለሰች ስትሰድድ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቷ አሮጊት 47 ቀን እህል ሳትቀምስ ተቃወመች። ከሀምሳ ዓመት በላይ የቆየ ዕዳ እንዲህ ሲከፈል አላየሁም።

የእኛው ትከሻም ባሕር ተሻግሯል። ሩት እሼል የተባለች እስራኤላዊት ተወዛዋዥና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤል ተማሪዎችን ሰብስባ «እስክስታ» የሚባል የውዝዋዜ ቲያትር አቋቋመች፤ በ2005 ደግሞ «ቤታ» የሚባለውን ቡድን። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ እኔም ራሴ ከረባት ያሰሩት ሰውዬ ሆኜ ነበር። «ፈረንጅ ደግሞ እስክስታ ምን አገባት!» ብያለሁ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። ከእነዚያ ተወዛዋዦች አንዷ የነበረችው፣ በኢትዮጵያ የተወለደችው ደጌ ፈደር፣ ኋላ የቡድኑ መሪ ሆነች፤ የራሷንም ሥራ ትሠራለች። በር የከፈተችው ከውጭ የመጣች ሴት ትሁን እንጂ ቤቱን የያዘችው ባለቤቷ ናት። እኔ የምለካው በዚህ ነው። ትከሻው ከየት እንደመጣ ይታወቃል ወይ? ይዘውት የኖሩት ሰዎችስ ከጊዜ በኋላ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ ወይስ ሁልጊዜ አጃቢ ናቸው?

ደግሞም የሠራችው ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ነጠላ ተጠቅልለው ግማሽ ሰዓት ወለል ላይ የተንከባለሉ ልጆች አይቻለሁ፤ «ዘመናዊ ነው» ተባልኩ። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። መጥፎ ሥራን መጥፎ በሉት፤ አሰልቺ ነው፣ ያልበሰለ ነው፣ እስክስታውን ሳትችይው ልትሰብሪው ተነሣሽ በሉ። እንዲህ ያለ ሂስ ለተወዛዋዥ ስንቅ ነው። «ማን ፈቀደልሽ?» ግን ሂስ አይደለም፤ የጥበቃ ሠራተኛ ጥያቄ ነው።

«እንዲህ ሁሉም እንደፈለገ ከለወጠው ዋናው ይጠፋል» የሚለው ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም። እኔም እሰጋለሁ። የከተማው ልጅ እስክስታ አንድ ብቻ ይመስለዋል፤ የጎጃሙን፣ የጎንደሩን፣ የወሎውን ለይ ብትሉት አፍጥጦ ያያችኋል። ይሄን ያጠፋው ግን ክሊፑና ምግብ ቤቱ ነው፤ አሥር ዓይነቱን ወደ አንድ ያወረደው የፍጥነት ገበያው ነው። ያቺ አዳራሽ ውስጥ ያየኋት ልጅ ትከሻውን አዘግይታ ምት በምት ለይታ ስታሳየኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅስቃሴው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ አየሁ። ዋናውን የጠበቀልኝ ማነው ታዲያ?

አሁን መልሷ። እንዲህ ነበር ያለችው፦ «ትከሻውን ያስተማሩኝ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። ሸጎዬውን ያሳዩኝ ሁለት የጭሮ ሴቶች ናቸው። የሦስቱም ስም ከያዙት ወረቀት ጀርባ አለ፤ ከመግቢያው ገንዘብም ድርሻቸው ይላክላቸዋል። የለቅሶውን 'መድረክ ላይ እንዳታወጪው' ያሉኝ እናት ነበሩ፤ የሳቸውን አላወጣሁትም።» ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ማራገቢያ አድርገውት ነበር። እኔም ብሆን ገልብጬ አላየሁትም።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ የመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር ያለውን ካርቶን አወጣሁ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ሥነ ቃል አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ወሎ ገጠር ወርጄ የሰርግ ዘፈንና ሙሾ የሰበሰብኩበት ደብተር አለ። ከዚያ ደብተር አንድ ጥናት ወጥቶልኛል፤ ጥናቱ ለማዕረግ ዕድገቴ ተቆጥሮልኛል። ገለጥኩት። የወንዶቹ አዝማሪዎች ስም ከነአባታቸው፣ ከነዕድሜያቸው ተጽፏል። ከመሐሉ አንድ ገጽ ላይ በራሴ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሰጪ፦ አንዲት ሴት፣ ወደ 60።» በጥናቴ ውስጥ ከሁሉም የተመሰገነው ሙሾ የዚች «አንዲት ሴት» ነው።

ሴትየዋን አስታውሳቸዋለሁ። ሙሾውን ካወረዱልኝ በኋላ ተነሥተው፣ ሙሽራ እናት ትከሻዋን እንዴት እንደምትይዝ፣ እንግዳ የሆነች ሴት እንዴት፣ ልጅ የቀበረች ሴት እንዴት እንደምትይዝ በሦስት ዓይነት አሳይተውኛል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ቃሉን ብቻ ጻፍኩ። ትከሻቸው ደብተሬ ውስጥ የለም። ልጅቷ ከእናቷ አክስት የወሰደችውን እኔ ዐይኔ እያየ አስቀርቼዋለሁ። እንድወስደው የፈቀደልኝ ሰው እንደነበረም ትዝ አይለኝም፤ ቡና አፍልተው ነበር፣ ጠጥቼ ተነሣሁ።

በማግሥቱ በዚያ አካባቢ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ደወልኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሴትየዋ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፣ አንዷ እዚያው መንደር ናት። ስማቸውን ነገረኝ። በእርሳስ ገጹ ላይ፣ «አንዲት ሴት» ከሚለው በላይ ጻፍኩት። እዚህ ጋዜጣ ላይ ያላወጣሁት ልጆቻቸውን ገና ስላላስፈቀድኩ ነው፤ መንገዱ ከተመቸ ለጥቅምት እሄዳለሁ።